ውድ ሆቴል ያረፈ እንግዳ ፊቱ ለምን ይጠቁራል?

ጋይዱ ከአራት ኪሎ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ቤቶች። አስጎብኚነት ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ፒያሳ ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ከሚይዙ ተማሪዎች እስከ ሙሉ ፎቅ የሚከራዩ ባለጠጎች ድረስ ይዤ ዞሬያለሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከርሟል፣ ዛሬ እዚህ ላውጣው።

በቀደም ባልና ሚስት ተቀበልኩ። አገራቸውን ተዉት፣ ያረፉበትንም ሆቴል አልጠራም፤ መሀል ከተማ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ለ5 ቀን የከፈሉት እኔ ዓመቱን ሙሉ ሮጬ የማልሞላው ገንዘብ ነው። ከአውሮፕላን ሲወርዱ ስማቸውን ይዞ የሚጠብቅ ሰው፣ መኪና ውስጥ ቀዝቃዛ ፎጣ፣ ክፍላቸው ሲገቡ ስማቸው በቸኮሌት የተጻፈበት ሳህን። ሰውየው ሳህኑን አይቶ መጀመሪያ ምን ቢል ጥሩ ነው? የስሜ አንድ ፊደል ተሳስቷል።

በማግስቱ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድኳቸው። ድንቅነሽ ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ ጀመርኩ፤ ኅዳር 15 ቀን 1967፣ አፋር፣ ሐዳር፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ገደማ የተገኘ፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከትንሽ። አቋረጠኝ። "ይሄ ትክክለኛው አጥንት ነው?" አልዋሸሁም፤ ቅጂ ነው፣ ዋናው በካዝና ነው የሚቀመጠው አልኩት። "ስንት ነው?" አለኝ። አልገባኝም። "ካዝናውን ለማስከፈት ስንት ነው?" አይቻልም ስለው ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ተወስዳ ሂዩስተን ላይ ለሕዝብ እንደታየች አገኘ። "ለቴክሳስ ሰው ዋናውን አሳይታችሁ፣ እኔ እዚህ ድረስ መጥቼ ቅጂ?" ሚስቱ ክንዱን ያዝ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ዓይኑ እያየ ምንም አላየም። ማታ ሆቴል ስመልሳቸው ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ነበር የሚመስለው።

አንድ አመለኛ ሰው ነው ብዬ እንዳላልፈው በየዓመቱ ነው የማየው። ተማሪዎቹ ያችኑ ቅጂ አይተው፣ አጠገቧ ቆመው ቁመት ተለካክተው፣ እየተሳሳቁ ነው የሚወጡት። ቅናት ነው አትበሉኝ። ቅናቱማ አለ፣ ግን ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሰው ደስ ሊለው ብሎ ይህን ያህል ከፍሎ ምን ነክቶት ነው የሚከፋው?

የመርካቶ ሰው · 3:31

ወይ አዲስ አበባ! እኔ ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆሜ ነው ቤቴ የገባሁት። የቸኮሌት ሳህን ላይ ስሙ ስለተሳሳተበት ሰው ልጨነቅ? ይክፋው።

ስድስተኛ ፎቅ · 3:58

ወንድሜ ጋይዱ፣ አንተ ቀን ቀን ነው የምታያቸው። እኔ የክፍል ጽዳት ነኝ፣ ስምንተኛ ዓመቴ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለውን እኔ ልንገርህ።

ከተማውን ቁልቁል የሚያሳይ ክፍል ከሌላው ይበልጥ ያስከፍላል። እንጦጦ ፊት ለፊት ይታያል፣ ማታ መብራቱ ደስ ይላል። ታዲያ ያንን ከፍለው ከያዙት ውስጥ እኩለ ቀን ላይ መጋረጃ ዘግተው የማገኛቸው ብዙ ናቸው። ታመው አይደለም። አልጋው ላይ ተጋድመው ቤታቸው የሚያዩትን ተከታታይ ፊልም እያዩ ነው።

ትራስ ደግሞ አለልህ። የትራስ ሜኑ የሚባል ነገር አለን፤ እንደ ምግብ ዝርዝር ታይቶ የሚታዘዝ። የላባ፣ የጥጥ፣ ለአንገት የሚሆን፣ ጠንካራ፣ ለስላሳ። አንዲት ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደወለች፣ የፈለገችውን ወሰድኩላት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ደወለች፣ ቀየርኩላት። እንዲህ እየተባለ አራት ደረሰ። አራተኛውን ስሰጣት "ችግሩ ከትራሱ አይመስለኝም" ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተበላሸባት። "ትንሽ ቁጭ በይ" አለችኝ። እንግዳ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ክልክል ነው። በር ይዤ ቆሜ ስለ ልጇ አወራችኝ፤ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። ስወጣ ሳስበው፣ ያን ቀን ያናገራት ሁሉ ደመወዝተኛ ነው። ሪሴፕሽኑ፣ አስተናጋጁ፣ ሹፌሩ፣ እኔ። ሁላችንም "የስ ማዳም" ብለናት ነው የዋልነው።

ላንድክሩዘር · 4:05

ኋላ ወንበር የሚቀመጥ ይከፋዋል፣ ገቢና የሚቀመጥ ይስቃል። 20 ዓመት ነድቼ የደረስኩበት ጥናት ይሄ ነው።

ሥነ ልቦና ስድስት ኪሎ · 4:40

የላንድክሩዘር ጋሼን ጥናት ተቀብያለሁ፣ ሌላም ልጨምርበት።

መልመድ የሚባለው ነገር አለ። ብሪክማንና ካምቤል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 የጻፉበት ነው። ምስሉ የጂም መሮጫ ማሽን ነው፤ እየሮጥክ ባለህበት ትረግጣለህ። ቀዝቃዛው ፎጣ የመጀመሪያ ቀን ድንቅ ነው፣ በሁለተኛው ቀን ፎጣ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ለብ ብሎ ከቀረበ በደል ነው። ተማሪው ከዜሮ ስለሚነሳ ሙቅ ውሃ ማግኘቱም ድል ነው። ባለ ቸኮሌቱ ሰው ግን ከጣሪያ ነው የጀመረው፤ ከዚያ የቀረው መውረድ ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላው ነው። ኳድባክ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን ቸኮሌት ያበሏቸዋል። ከመብላታቸው በፊት ለግማሹ የገንዘብ ኖት ፎቶ እግረ መንገድ ያሳዩዋቸዋል፣ ለሌላው አያሳዩም። ገንዘብ ያዩት ቶሎ ቶሎ በልተው ጨረሱ፣ ፊታቸው ላይም የነበረው ደስታ ያነሰ ነበር። ገንዘብ አልተሰጣቸውም እኮ፤ አሰቡት ብቻ! ሌላውን እንደማገኝ ካወቅሁ የያዝኩትን ማጣጣም ይቀራል ነው ነገሩ።

ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ከሌሎች ጋር ደግሞ ቦስተን ውስጥ ጎብኚ የሚበዛበት አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሞከረው። ለአንዳንዱ ጎብኚ "ብዙ አገር ያየህ ሰው ነህ" የሚል ስሜት የሚያሳድር መጠይቅ ይሰጡታል። ያ ስሜት ያደረበት ሰው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ አጠረ። የዓለምን ምርጥ ምርጥ ያየ ሰው መለስተኛዋን ነገር ቆሞ የሚያይበት ትዕግሥት ይሟጠጣል።

ጋይዱ፣ ሰውዬህ ከዚህ በፊት ስንት አገር እንደሄደ ነግሮሃል?

ጋይዱ ከአራት ኪሎ · 4:47

መኪና ውስጥ ቆጥሮልኛል። 71።

ጋሪ ገፊዋ · 5:10

እኔ የበረራ አስተናጋጅ ነኝ፣ አየር መንገዱን አልጠቅስም። ከፍሎ ቢዝነስ የሚቀመጠውን ተዉት፤ እኔ የማዝነው አንድ ጊዜ በነጻ ተሻሽሎለት ቢዝነስ ለገባው ነው። በሄደበት ፎቶ አንስቶ፣ ሻምፓኝ ጠጥቶ፣ እግሩን ዘርግቶ ተኝቶ ይደርሳል። በመልሱ ኢኮኖሚ ነው። መጋረጃዋን እያየ ነው የሚመጣው። ያው ወንበር ነው፣ ያው ምግብ ነው፣ በፊት ዝም ብሎ የሚበላው። አሁን ግን የበይ ተመልካች የሆነ ይመስለዋል።

ዲሴልስና ኖርተን የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የአንድ ትልቅ አየር መንገድ መዝገብ አገላብጠው ነበር። አንደኛ ማዕረግ ባለበት አውሮፕላን ላይ ኢኮኖሚ ውስጥ የሚነሳው ጠብ የመከሰት ዕድሉ አንደኛ ማዕረግ ከሌለበት ወደ 4 እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኙት። ይሄ ይጠበቃል በሉ። ያልጠበቅሁት ሌላው ነው፤ ሁሉም ሰው በፊት በር ገብቶ በአንደኛ ማዕረግ መሀል እንዲያልፍ ሲደረግ፣ የአንደኛ ማዕረጎቹም ጠብ ጨመረ። ተመቻችተው የተቀመጡት! ሰው እያያቸው ሲያልፍ ደስ የሚላቸው ይመስለኝ ነበር።

የመርካቶ ሰው · 5:14

እኔ በጎናቸው ሳልፍ ሻንጣዬ ትከሻቸውን ስለሚነካ ነው።

እቁብ የወጣለት · ረቡዕ ከጠዋቱ 1:30

ሌሊቱን አንብቤ ነው ያደርኩት፣ ስለ እኔ የተጻፈ መሰለኝ። ሀብታም አይደለሁም፤ ቦሌ ሚካኤል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ። አሥረኛ ዓመት ጋብቻችንን ስናከብር ለባለቤቴ ማልዲቭስ እወስድሻለሁ አልኳት። ሁለት እቁብ አጠራቅመን፣ ከወንድሜ ተበድረን፣ ውሃ ላይ የተሠራች ቤት ያዝን። ከአልጋው ሥር ወለሉ መስታወት ነው፣ ዓሣ ይታያል።

ቃሌን ልስጥ፤ ከመሄዳችን በፊት የነበሩት ሦስት ወራት ሕይወቴ ናቸው። ማታ ማታ ሁለታችን በአንድ ስልክ ፎቶውን እናያለን። እሷ ቀሚስ ታማርጣለች፣ እኔ ዋና ልምምድ ጊዮን እሄዳለሁ።

ደረስን። አንደኛው ቀን ጮህን። ሁለተኛው ቀን ፎቶ አነሳን። በሦስተኛው ቀን ተጣላን። በምን? "ደስ ብሎሃል?" ብላ ጠየቀችኝ፣ "አዎ" አልኩ፣ "አይመስልም" አለች። በቃ ይቺ ናት። እዚህ ብንጣላ እኔ ወደ ሱቅ እሄዳለሁ፣ እሷ እህቷ ጋ ትሄዳለች፣ ማታ ልጆቹ መሀል ገብተው ይረሳል። እዚያ የት ይኬዳል? ዙሪያው ውሃ ነው። አስተናጋጁ በትንሽ መኪና እየመጣ "ሁሉም ነገር ፍጹም ነው?" ይለናል፣ ሁለታችንም እኩል "ፍጹም!" እንላለን። ያኮረፈ ሰው በቀን ስድስት ጊዜ ፍጹም ሲል ምን እንደሚሰማው አልነግራችሁም። ደግሞ እያንዳንዷን ሰዓት በብር እመነዝራለሁ። ኩርፊያው ብቻ ስንት ብር እንደወጣበት አሁንም አውቃለሁ።

ከተመለስን በኋላ ያለው ግን የባሰ ነው። አማቴ ቤት ቡና ተፈላ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ እንግዲህ ንገሩን ተባለ። ስልኬን ይዤ ዓሣውን፣ የመስታወት ወለሉን ማሳየት ጀመርኩ። ሦስት ፎቶ ያህል "ውይ!" አሉ። ከዚያ ጸጥ። የባለቤቴ ወንድም ተነስቶ ስልክ ሊያወራ ወጣ። አማቴ ፍም እያስተካከሉ "ውሃ ላይ ተኝታችሁ ብርድ አልመታችሁም?" አሉኝ። ወዲያው ወሬው ወደ ጎረቤት ሠርግ ዞረ፣ ቤቱ ሞቀ፣ እኔ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። የሳቁት አንዴ ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ጥሬ ዓሣ በልቼ እንዴት ሌሊቱን እንዳደርኩ ስትነግራቸው።

ያ ብድር ገና አላለቀም።

ስድስተኛ ፎቅ · 1:52

"ፍጹም" የሚለውን ሳነብ ሳቅሁ። እኛም እኮ ጠይቁ ተብለን ነው።

ሥነ ልቦና ስድስት ኪሎ · ረቡዕ 6:20

እቁብ የወጣለት ወንድሜ፣ አማትህ ቤት የደረሰብህ ነገር ላቦራቶሪ ውስጥ ተሠርቷል ብልህ ታምናለህ? ኩኒ፣ ጊልበርትና ዊልሰን፣ እ.ኤ.አ. በ2014። አራት አራት ሰው ይሰበስባሉ። ሦስቱ ደከም ያለ ቪዲዮ ያያሉ፣ አንዱ ብቻ ለየት ያለ፣ ግሩም ቪዲዮ ያያል። ከዚያ አራቱን አንድ ክፍል አስገብተው እንደፈለጋችሁ አውሩ ይሏቸዋል። ሁሉም ሰው አስቀድሞ የገመተው፣ ግሩሙን ያየው ይደሰታል፣ ወሬውም የሱ ይሆናል የሚል ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ሦስቱ ስላዩት ደካማ ነገር ተሳሳቁ፣ አራተኛው ዳር ቀረ፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነበር። ሰው የሚጫወተው ሁሉም በሚያውቀው ነገር ነው። የጎረቤት ሠርግ የመስታወት ወለልን ያሸነፈው ለዚህ ነው። አማትህን እንዳትቀየም።

ሦስቱ ወራት ሕይወቴ ናቸው ያልከውም እውነት ነው። ናዋይን የሚባል የሆላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2010 1,530 ሆላንዳውያንን ይዞ ባጠናው፣ ጉዞ ያቀዱ ሰዎች ካላቀዱት ይልቅ ደስተኛ የነበሩት ከመሄዳቸው በፊት ነው። ከተመለሱ በኋላ ልዩነት የለም። በጣም ዘና ብዬ ተመለስኩ ያሉት ብቻ ትንሽ ቆየላቸው፤ እሱም ቢሆን በሳምንታት ውስጥ እየተነነ ሄደ። ስለዚህ ያ ቀሚስ ሲመረጥና ዋና ሲለመድ የነበረው ጊዜ የጉዞው ማሟሻ አልነበረም። ጉዞው እሱ ነበር ለማለት ይዳዳኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ለጋይዱ፦ የመጀመሪያ ቀን ኩርፊያን ሁሉ ለስሜት አትስጠው። አዲስ ቦታ ያደረ ሰው የመጀመሪያዋን ሌሊት የአንጎሉ ግማሽ እንደ ዘበኛ ነቃ ብሎ ነው የሚያድረው፤ ብራውን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳይቶታል። ትራሱ የላባም ሆነ የድንጋይ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ቆላ የለመደ ሰው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል።

ጡረተኛዋ · ረቡዕ ከሰዓት 9:15

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ልጄ ናት ይህን የከፈተችልኝ። ካዛንቺስ 40 ዓመት ኖሬ አሁን ወዲያ ማዶ ነኝ፣ ጎረቤት ገና አልለመድኩም፣ እናንተን ማንበብ ነው ሥራዬ።

በደርግ ጊዜ አንድ ሆቴል ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ጥናቱን ሰማሁ፣ ጥሩ ነው። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ምን እናደርገዋለን? እናስቸግረዋለን። ብላ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ። እምቢ ካለ እንቀየማለን። እሱም ሥራ አለበት፤ ይመርቃል፣ ልጅ ያጫውታል፣ የሞተ ካለ ያጽናናል። ሆቴል ቤት በሞቴ የሚል የለም። ምግቡን ቢተወው ሳህኑ በጸጥታ ይነሳል። ይሄ ለእሱ ነጻነት ሊመስለው ይችላል፣ ግን ሰውነቱ ያውቃል።

የአገሩ የመጀመሪያ ሆቴል፣ እቴጌ ሆቴል ሲከፈት ከፍሎ መብላት ነውር ስለነበር ሰው አልገባ ብሎ፣ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን እየጋበዙ አስለመዱ ሲባል እሰማ ነበር። ለምደነው ቀረን።

በኔ ጊዜ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሦስት ወር አረፈ። መሥሪያ ቤቱ ነው የሚከፍልለት፣ ከሁሉ የሚሻለው ክፍል የእሱ ነው። ማታ ማታ ደረሰኝ ስደምር ወርዶ መስኮቴ ላይ ይቆማል። "አብሬሽ ልደምር?" ይለኛል በተሰባበረ አማርኛ። ያኔ በእጅ ነው የምንደምረው። እሱ ከላይ ወደ ታች፣ እኔ ከታች ወደ ላይ። አንድ ቀን 15 ሳንቲም ስሕተት አገኘብኝ። ሦስት ወር ሙሉ እንደዚያን ማታ ደስ ብሎት አላየሁትም። ለሳምንት በረንዳ ላይ ለሚያገኘው ሁሉ "15 ሳንቲም!" ይል ነበር።

ጋይዱ ከአራት ኪሎ · 9:40

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ የጻፉትን ለባልደረቦቼ ላኩት።

የመርካቶ ሰው · 10:02

እትዬ እርስዎን በማክበር ነው፤ ግን አሁን ወዴት እየሄድን እንደሆነ ይታየኛል። ቀጥሎ "ሀብታሙ ሰውዬ መንገድ ዳር በርጩማ ላይ ቡና ጠጥቶ ዓይኑ በራ፣ አለቀሰ" ሊባል ነው። ሰልችቶኛል ይሄ ታሪክ። በርጩማ ላይ የምንቀመጠው ሌላ ስለሌለን ነው። ድህነት ለቱሪስት መድኃኒት አይደለም። ቁንጫም ሥነ ልቦና አያክምም።

ጋይዱ ከአራት ኪሎ · 10:15

የመርካቶ ሰው፣ ሞክሬዋለሁ እኮ! ሦስተኛው ቀን ላይ ጀበና ቡና ወሰድኳቸው፣ አራት ኪሎ፣ እኔ ሁሌ የምጠጣበት። ሰውየው በርጩማውን በወረቀት ጠረገ፣ ፎቶ ተነሳ፣ አንዴ ፉት አለ። ከዚያ ዞር ብሎ "ቦታውን ለሁለት ሰዓት ለብቻችን መያዝ ይቻላል?" አለኝ። ቡና የምታፈላው ልጅ ምን አለ ስትለኝ ምን ብዬ ልተርጉም? ቡናሽ ጣፍጦታል አልኳት።

ሥነ ልቦና ስድስት ኪሎ · 10:31

የመርካቶ ሰው ልክ ነው፣ እኔም ብሆን ርካሽ ይሻላል አላልኩም። ጸጥታ፣ ንጹሕ አልጋ፣ ከሰልፍ መዳን ሰውን ያሳርፋል፤ ለታመመ፣ ለሸመገለ ደግሞ ግድ ነው። እኔ የምለው ስለ ተረፈው ነው፤ ስሙ በቸኮሌት ስለተጻፈበት ሳህን።

የመርካቶ ሰው · 10:58

እሺ ከተባለ እኔም አንድ ልናዘዝ። አምና እናቴ ለሕክምና ከገጠር መጥታ፣ ሐኪም ቤቱ አጠገብ ጥሩ ሆቴል አንድ ሌሊት አሳደርኳት። እኔ ደስ እንዲላት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። "የሰው አልጋ ላይ እንዴት ይገላበጡበታል?" ትላለች። ጠዋት ልወስዳት ስሄድ አልጋውን አንጥፋ፣ መታጠቢያ ቤቱን ወልውላ፣ ነጠላዋን ለብሳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። "ምን ይሉናል፣ አዝረክርካ ሄደች ይበሉኝ?" ሳሙናዎቹን አንድም አልነካችም። እኔ ተናድጄ "ተከፍሎበታል እኮ!" ብዬ ጮህኩባት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስድስተኛ ፎቅ · 11:20

ወንድሜ፣ እንዲህ ዓይነት እናቶች ያደሩበት ክፍል ገና በሩን ስከፍት ያስታውቃል። አልጋው ከእኔ በተሻለ ተነጥፎ ነው የማገኘው። አንዷ ትራስ ላይ ሁለት ብርቱካን አስቀምጣልኝ ሄዳለች። ዳግመኛ ይዘሃት ስትመጣ ሳሙናውን ሻንጣዋ ውስጥ ክተተው፣ ቤቷ ስትደርስ ታገኘዋለች።

ላንድክሩዘር · 11:26

ጋይዱ ሚስትየዋስ? ስለሷ አልጨረስክም።

ጋይዱ ከአራት ኪሎ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:10

አዎ ሚስትየዋ። አራተኛው ቀን ባልየው ራሴን አመመኝ ብሎ ቀረ። እሷ ከሰዓት 9 ሰዓት ሆቴሉ ውስጥ ማሳጅ ተይዞላት ነበር፤ ተከፍሎበታል። እስከዚያ ሽሮ ሜዳ ልውሰድሽ አልኳት፣ እሺ አለች። ለልጇ ቀሚስ ፈለገች። ልጅቷ ረጅም ናት፣ በቁመት ከእናቷ ትበልጣለች፤ ስለዚህ የተሰቀለው ሁሉ አጠረ። ባለሱቋ መለኪያ ሜትር አወጣች። እናትየው ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቷ ቆመች፣ "እስከዚህ ናት" እያለች እጇን ከራሷ በላይ ታሳያለች፤ ባለሱቋ ደግሞ የራሷን ሴት ልጅ ከጓዳ ጠርታ አቆመቻትና "ከዚች ትበልጣለች?" ትላለች። ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን ወይን ጠጅ በሚለው 20 ደቂቃ ተከራከሩ። እኔ መተርጎሙን ሁሉ አቆምኩ፤ ያለ እኔ ይግባባሉ። ዋጋ ላይ ደርሰው ባለሱቋ "አይሆንም" ብላ ቀሚሱን መልሳ ስትሰቅል፣ ሴትየዋ በአራት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ የሚላት ሰው ማግኘቷ ነው መሰለኝ ከልቧ ሳቀች። በ10 ሰዓት ከሩብ ነው የወጣነው።

ሆቴል ስንደርስ ባልየው ሎቢ ውስጥ ቆሟል። ማሳጁ አልፏል፣ ገንዘቡ አይመለስም ተብሏል። ቀሚሱን አላየውም። እሷ ግን እኔን ጥቀስ አድርጋኝ ገባች።

በሉ ልተኛ። ነገ ሌላ ባልና ሚስት አሉኝ፣ ማለዳ 2 ሰዓት ከሆቴል አነሳለሁ። ፕሮግራሙ ከደቂቃ ደቂቃ የተሞላ ነው። ከ5 እስከ 7 ያለውን ሰርዤ ባዶ ልተወው አስቤያለሁ፤ መስቀል አደባባይ አካባቢ ዝም ብሎ የሚዋልበት ቦታ ጠቁሙኝ።

ጋሪ ገፊዋ · 2:18

ደረጃው ላይ አስቀምጣቸው። ማለዳ ስፖርት የሚሠሩት ካለፉ በኋላም ቢሆን ሰው አያልቅም።

እቁብ የወጣለት · 2:25

የትም ውሰዳቸው፣ ብቻ ሲጣሉ የሚሄዱበት በር ይኑረው።

ጋይዱ ከአራት ኪሎ · ሐሙስ ከጠዋቱ 3:05

ሎቢ ውስጥ ነኝ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። አሁን ከሪሴፕሽን ነገሩኝ፣ ዛሬ አንወጣም ብለዋል፤ ክፍላቸው እንደሆኑ ይውላሉ። ስድስተኛ ፎቅ እህቴ፣ ያንቺ ሆቴል ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን መጋረጃው እንዴት ነው?

ስድስተኛ ፎቅ · 3:22

ባውቅም አልነግርህም። እኔ አሁን ሦስተኛውን ትራስ ይዤ ሊፍት እየጠበቅሁ ነው።